ጽሕፈት ቤት የሌለው ማኅበር

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የለውም። ዋና መሥሪያ ቤትም ሆነ የጋራ ካዝና የለውም። ደብዳቤ ልጻፍለት የሚል ሰው ወዴት እንደሚልክ ግራ ይገባዋል፤ የናሳ ሰዎች የራሳቸውን ክፍል ከሂውስተን ይመራሉ፣ ሩሲያውያኑ የራሳቸውን ሞስኮ አጠገብ ካለችው ኮሮልዮቭ፣ ጃፓኖቹ ከጹኩባ፣ አውሮፓውያኑ ጀርመን ውስጥ ካለችው ኦበርፋፈንሆፈን፣ ካናዳውያኑ ከሞንትሪያል ደጃፍ። እንዲህ ተበታትኖ የሚተዳደር ድርጅት 420 ቶን ገደማ የሚመዝን ጣቢያ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር እያስከነፈ፣ ከኖቬምበር 2000 ወዲህ አንድም ሌሊት ሰው አልባ ሳያሳድረው ቆይቷል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ስምምነቶቹም በረራዎቹም የተመዘገቡት በዚያው ስለሆነ አልለወጥኳቸውም።)

ይህ እንዴት እንደተቻለ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ሳይንስ ድንበር አያውቅም፣ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ምድር አንድ ናት ይባላል። ጠፈርተኞቹ ራሳቸው ይህን ከልባቸው ያምኑበታል፤ አልነቅፋቸውም። የሽርክናው ወረቀቶችና የጣቢያው ገመዶች የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ የቆየው አባላቱ ስለተዋደዱ ሳይሆን፣ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ ሆኖ ስለተቋጠረ ነው። ቋጠሮው ደግሞ አንዴ በዕቅድ፣ አንዴ በገንዘብ እጦት፣ አንዴ በአደጋ የጠበቀ ነው።

መጀመሪያ ላይ ትብብር የንግግር ማሳመሪያ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሴፕቴምበር 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆሞ ከሶቪየቶች ጋር አብረን ወደ ጨረቃ እንሂድ ብሎ ነበር። በሁለተኛው ወር ተገደለ፣ ሐሳቡም አብሮት ተቀበረ። ነገሩ መልክ የያዘው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የሶቪየቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮሲጊን በሜይ 1972 ሞስኮ ላይ ሲፈራረሙ ነው። በወረቀት ቀላል ነበር፤ አንድ የአሜሪካ አፖሎና አንድ የሶቪየት ሶዩዝ ምሕዋር ላይ ይገጣጠማሉ። መሐንዲሶቹ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ግን ሁለቱን መንኩራኩሮች የሚያገናኛቸው አንዳች ነገር ጠፋ። አሜሪካኖቹ የሚተነፍሱት ንጹሕ ኦክስጅን ነው፣ ግፊቱም ምድር ላይ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ። ሩሲያውያኑ ምድር ላይ እንዳለው ያለ አየር በሙሉ ግፊት ይጠቀማሉ። በሩን ከፍቶ ከሶዩዝ ወደ አፖሎ በቀጥታ የሚሻገር ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ መሐል ላይ የሚገባ፣ ግፊት የሚለዋወጥበት ጠባብ ክፍል ሠሩ፤ ሶዩዝም የበኩሉን ግፊት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አደረገ።

መገጣጠሚያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እስከዚያ ድረስ በነበረው ዘዴ አንደኛው መንኩራኩር ዘንግ ያስገባል፣ ሌላው ዘንጉን ይቀበላል። በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል ማን ተቀባይ ሆኖ ይቁም? ሶቪየታዊው መሐንዲስ ቭላዲሚር ሲሮምያትኒኮቭ ከአሜሪካ አቻዎቹ ጋር ተመካክሮ ያወጣው መገጣጠሚያ ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የሆነበት፣ እንዳስፈለገ አንዱም ሌላውም ገፊ ሊሆን የሚችልበት ነበር። ጉዳዩ የክብር ብቻ አልነበረም፤ አንዱ መንኩራኩር ቢበላሽ ማንኛውም ሌላ ደርሶ እንዲያድነው ታስቦ ነው። ይህን ብረት ልብ ይሏል፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ከመጋዘን ይወጣል።

ጁላይ 17 ቀን 1975 አሜሪካዊው ቶም ስታፎርድና ሶቪየታዊው አሌክሲ ሌዎኖቭ በክፍቱ በር እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እያንዳንዱ የሚናገረው በሌላው ቋንቋ ነበር፤ ሌዎኖቭ የስታፎርድን ሩሲያኛ፣ ሰውየው የኦክላሆማ ልጅ ነውና፣ «ኦክላሆምስኪ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ሁለቱ መንኩራኩሮች ሁለት ቀን ያህል ተጣምረው ቆይተው ተለያዩ። ሁለቱ ሰዎች ግን አልተለያዩም፤ ሌዎኖቭ በኦክቶበር 2019 ሲቀበር ስታፎርድ ሞስኮ ሄዶ በሩሲያኛ ተሰናበተው። መንግሥታቱ ግን ተከታይ በረራ አላደረጉም። ሶቪየት ኅብረት በ1979 መጨረሻ አፍጋኒስታን ስትገባ የቀረው ወሬም ከሰመ።

በዚያ ዘመን ሞስኮ የራሷ ዓይነት ትብብር ነበራት፤ ኢንተርኮስሞስ ይባላል። በማርች 1978 ቼኮዝሎቫኪያዊው ቭላዲሚር ሬመክ ከሶቪየትና ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ሆነ። ፖላንዳዊው፣ ምሥራቅ ጀርመናዊው፣ ቬትናማዊው ፋም ቱዋን፣ ኩባዊው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ፣ ሞንጎሊያዊውና ሌሎችም ተከተሉ። ታማዮ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ከመጡ ሰዎች ሁሉ ጠፈርን ያየ የመጀመሪያው ነው። ከሞስኮ ጋር እጅና ጓንት ከነበረችው የደርግ ኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ የአፍሪካ አገር ግን በዚህ ፕሮግራም የበረረ የለም። አሜሪካም በበኩሏ በ1983 ምዕራብ ጀርመናዊውን ኡልፍ መርቦልድን፣ በ1985 የሳዑዲውን ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማንን ሸትል በተባለው መንኩራኩሯ አሳፍራለች። ሁለቱም ዘንድ የነበረው እንግዳ ተቀብሎ የመሸኘት ወግ ነው። እንግዳው ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አገሩ ሲገባ ጀግና ይባላል፤ በቤቱ ጉዳይ ግን ድምፅ የለውም።

ባለ ድምፅ ሽርክና የተጀመረው ሬገን በጃንዋሪ 1984 ናሳ በአሥር ዓመት ውስጥ ቋሚ የጠፈር ጣቢያ እንዲሠራ አዝዞ ወዳጅ አገሮችን ሲጋብዝ ነው። አውሮፓ፣ ጃፓንና ካናዳ እሺ አሉ፤ ጥያቄ ግን አበዙ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጣቢያውን የመጠቀም መብት ይኑረኝ ሲል አውሮፓውያኑ ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ ካልሆነ አንገባም አሉ። መፍቻው ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ሰላማዊ የሚለውን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ክፍል ራሱ ይወስናል። በሴፕቴምበር 1988 ስምምነቱ ተፈረመ። ጣቢያው «ፍሪደም» ተባለ፤ የስሙ ጦር ወደ ማን እንደዞረ ለማንም አልተሰወረም።

ፍሪደም በወረቀት ላይ ቀረ። መጀመሪያ የተገመተው 8 ቢሊዮን ዶላር ሲያልቅ ገና አንድም ብረት ወደ ሰማይ አልወጣም ነበር። በጁን 1993 የኢንዲያና እንደራሴ ቲም ሮመር ፕሮጀክቱ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤት አቀረበ፤ 215 ለ216 ተሸነፈ። በአንዲት ድምፅ የተረፈን ነገር በቀጣዩ ዓመት ማን ያድነዋል?

ያዳነው የቀድሞው ጠላት ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ፣ የሮኬት መሐንዲሶቿ ደመወዝ አጥተው፣ ዋሽንግተን እነዚህ ሰዎች ሚሳይል ለሚፈልግ ሁሉ ይሸጡ ይሆን እያለች ትሰጋ ነበር። ሩሲያ በበኩሏ ምሕዋር ላይ የምትሽከረከር ሚር የምትባል ጣቢያ፣ የዓመታት ልምድ፣ ባዶ ካዝናም ነበራት። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎርና የሩሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ቼርኖሚርዲን በሴፕቴምበር 1993 ሁለቱን ፕሮግራሞች አንድ ለማድረግ ተስማሙ። አሜሪካ በሸትልና በሚር የጋራ በረራዎች ስም 400 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተዋዋለች። ስለ ሽርክናው ውበት ሲነገር የማይነሳ ነገር አለ፤ ከዚያ በፊት በጁላይ ሞስኮ ለህንድ የገባችውን ቃል እንድታጥፍ ተገድዳለች። የክራዮጀኒክ (እጅግ በቀዘቀዘ ነዳጅ የሚሠራ) የሮኬት ሞተር ቴክኖሎጂ ለህንድ ልታስተላልፍ ነበር፤ ሞተሮቹን ብቻ ሸጠች፣ ዕውቀቱን ያዘች። ህንዶች የራሳቸውን ሞተር ሠርተው በትክክል ያበረሩት በጃንዋሪ 2014 ነው። ህንዳዊው ሹባንሹ ሹክላ ጣቢያው የገባው ደግሞ በጁን 2025። የሁለቱ ኃያላን እርቅ ሂሳብ ከፊሉ በህንዷ ባንጋሎር ተከፍሏል ማለት ይቻላል።

ዘመኑን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት የሚፈልግ ጠፈርተኛውን ሰርጌይ ክሪካሌቭን ይመልከት። በሜይ 1991 ወደ ሚር ሲወጣ የተወለደባት ከተማ ሌኒንግራድ ትባል ነበር። በዚያው ዓመት ለካዛኪስታን ጠፈርተኛ ቦታ መስጠት የፖለቲካ ግዴታ ሆነና የእሱ ተተኪ መሐንዲስ ሳይመጣ ቀረ፤ ቆይ ተባለ፣ ቆየ። በማርች 1992 ሲወርድ ከተማው ሴንት ፒተርስበርግ ሆናለች፣ የላከችው አገር የለችም፣ ያረፈበትም መሬት የሌላ አገር ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1994፣ በአሜሪካ ሸትል የበረረ የመጀመሪያው ሩሲያዊ ሆነ። በዲሴምበር 1998 ከአሜሪካዊው ቦብ ካባና ጋር ጎን ለጎን ሆኖ አዲሱን ጣቢያ ከፍቶ ገባ፤ በ2000 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ነዋሪዎች አንዱ ነበር።

በጁን 1995 የአሜሪካዋ ሸትል አትላንቲስ ከሚር ጋር ስትገጣጠም ሥራ ላይ የዋለው የሲሮምያትኒኮቭ መገጣጠሚያ የተሻሻለ ዝርያ ነው። ሶቪየቶች ቡራን ለተባለችው የራሳቸው ሸትል ብለው አሻሽለውት ነበር፤ ቡራን ግን ሰው ሳትይዝ አንዴ በርራ ቀረች። ለእርቅ የተሠራው ብረት ለፉክክር ተላልፎ፣ ከፉክክሩ ተርፎ ወደ እርቅ ተመለሰ። ሰባት አሜሪካውያን በየተራ ሚር ላይ ኖሩ። የተማሩት በመከራ ነው። በፌብሩዋሪ 1997 ኦክስጅን የምታመነጭ ጣሳ እሳት ተነስቶባት ጣቢያውን በጢስ ሞላችው፤ ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ ከሁለቱ ማምለጫ ሶዩዞች ወደ አንዱ የሚወስደውን መንገድ እሳቱ ዘግቶታል። በጁን ደግሞ የጭነት መንኩራኩር ስፔክትር የተባለውን ክፍል መትቶ ቀደደው። አሜሪካዊው ማይክል ፎልና ሁለቱ ሩሲያውያን ገመዶቹን ነቅለው በሩን ዘጉት፤ የፎል ልብስና ዕቃ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ይበቃል የሚለው ድምፅ በረታ። አጣርቶ ይቀጥል ካሉት መካከል አማካሪ ቡድኑን የሚመራው ያው ቶም ስታፎርድ ነበር። እኔ እስከማስበው የኋላው ማኅበር እውነተኛ መሥራች ጉባኤ ያ ዓመት ነው፤ አሜሪካኖቹ በተበላሸ ዕቃ መኖርን፣ ሩሲያውያኑ ችግርን ሳይደብቁ መናገርን የለመዱት ያኔ ነው። የኋለኛውን ሙሉ በሙሉ ለመዱት ማለት ግን ይከብዳል።

በጃንዋሪ 29 ቀን 1998 ዋሽንግተን ላይ 15 አገሮች የፈረሙት ስምምነት ለጋራ ባለቤትነት አልተጻፈም። እያንዳንዱ የላከው ክፍል የራሱ ነው፣ ሕጉም የራሱ ነው። ጃፓን የሠራችው ኪቦ የሚተዳደረው በጃፓን ሥልጣን ነው፤ የአውሮፓ ላቦራቶሪ በሆነው ኮለምበስ ውስጥ የተገኘ ፈጠራ አውሮፓ ውስጥ እንደተገኘ ይመዘገባል። ወንጀል ቢሠራ በቅድሚያ የሚከሰው በአገሩ ሕግ ነው። በአደጋ አንዱ የሌላውን ንብረት ቢያጠፋ ላይካሰሱ ተማምለዋል። ገንዘብም በተቻለ መጠን ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ ዕቃ በዕቃ ነው። አውሮፓ ላቦራቶሪዋን አሜሪካ በሸትል እንድታወጣላት ሁለት ማገናኛ ክፍሎች ሠርታ ሰጠች። ጃፓን የጋራ ወጪ ድርሻዋን በጭነት መንኩራኩር ከፈለች። ካናዳ ክንድ የሚመስለውን ትልቅ ማንሻ አምጥታ በምላሹ ከአሜሪካው ወገን መገልገያ 2.3 በመቶ አገኘች፤ ጃፓን 12.8፣ አውሮፓ 8.3። ይህ ዘዴ ለፖለቲከኛ ምቹ ነው፤ ገንዘቡ እዚያው አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ስለሚቀር የግብር ከፋዩን ጩኸት ያበርዳል። አቅም የሌለውን ግን አይምርም። ብራዚል በ1997 በናሳ በኩል ገብታ ነበር፤ ቃል የገባችውን ዕቃ ማድረስ አቅቷት ቀረች፣ ጠፈርተኛዋ ማርኮስ ፖንቴስም በ2006 የሄደው በሶዩዝ ነው።

የባለቤትነቱን ውስብስብነት ከመጀመሪያው ክፍል ከዛርያ በላይ የሚያሳይ የለም። ሩሲያውያን ሠሩት፣ አሜሪካ ከፈለችበት፣ ካዛኪስታን ምድር ካለው ባይኮኑር በኖቬምበር 1998 ተወነጨፈ፣ በሕግ የአሜሪካ ንብረት ነው። የሩሲያው ክፍል ዝቬዝዳ በገንዘብ እጦት ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ በጁላይ 2000 ሲወጣ ያወጣው ሮኬት ጎኑ ላይ የፒዛ ሃት ማስታወቂያ ተለጥፎበት ነበር። ሩሲያውያኑ ገንዘብ ፍለጋቸውን በዚያ አላበቁም፤ በኤፕሪል 2001 ናሳ እየተቃወመች 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የከፈለውን ዴኒስ ቲቶን ይዘው ወጡ። ከዚያ ጠብ በኋላ ነው ማኅበሩ ማን ጣቢያው ሊገባ እንደሚችል የጋራ መስፈርት ያወጣው። በዓመቱ በዚያው መንገድ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልዎርዝ ሄደ።

እውነተኛው ቋጠሮ ያለው ግን በሥራ ክፍፍሉ ነው። ጣቢያው በቀጭኑ አየር እየተጎተተ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ገፍቶ ወደ ከፍታው የሚመልሰው በዋናነት የሩሲያው ሞተር ነው። ሚዛኑን የሚጠብቁት ትልልቅ ጋይሮስኮፖችና አብዛኛው ኤሌክትሪክ የአሜሪካ ናቸው፣ ሩሲያውያኑም ከዚያ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። አንዱ ቢኮርፍ ሌላው አይችልም።

ፈተናው ቶሎ መጣ። በፌብሩዋሪ 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው ሸትል ከሰባት ሰዎች ጋር ስትጠፋ ሸትሎቹ ታሰሩ። ጣቢያው ባዶውን እንዳይቀር ነዋሪው ወደ ሁለት ሰው ወረደ፣ ሶዩዝና የሩሲያው የጭነት መንኩራኩር ፕሮግሬስ ብቻቸውን አቆዩት። ሸትሎቹ በ2011 ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ሰውን ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ የሩሲያ ብቻ ሆነ፤ የሶዩዝ ወንበር ዋጋ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ 90 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ድሃ ዘመድ ተብሎ የገባው ሸሪክ የበሩን ቁልፍ ያዘ። በ2014 በክራይሚያ ጉዳይ ማዕቀብ ሲጣል የሩሲያው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ዲሚትሪ ሮጎዚን አሜሪካ ጠፈርተኞቿን በትራምፖሊን ትላክ ብሎ ተሳለቀ። ኢሎን መስክ በሜይ 2020 የኩባንያው የስፔስኤክስ መንኩራኩር ሁለት ሰው ይዛ በተሳካ ሁኔታ ስትነሳ፣ ትራምፖሊኑ እየሠራ ነው ሲል መለሰለት። ለስድስት ዓመት የተያዘ ቂም መሆኑ ነው።

የዩክሬን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ የሁለቱ ወገን ትብብር በሌላው መስክ ሁሉ ተቆራረጠ። አውሮፓ በማርስ ጉዞ ላይ ከሩሲያ ጋር የነበራትን ትብብር አቋረጠች፣ ሶዩዝም ከፈረንሳይ ጊያና መነሳቱን አቆመ። ጣቢያው ላይ ግን በማርች 2022 አሜሪካዊው ማርክ ቫንዴ ሃይ ከ355 ቀን በኋላ በሩሲያ መንኩራኩር ካዛኪስታን አርፎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ከወራት በኋላ ወንበር በወንበር ልውውጥ ተጀመረ፤ ሩሲያዊቷ አና ኪኪና በስፔስኤክስ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ሩቢዮ በሶዩዝ። የሩቢዮ ሶዩዝ ምሕዋር ላይ ሳለ ማቀዝቀዣው ፈሰሰና ስድስት ወር ሊቆይ የሄደው ሰው 371 ቀን ቆየ። ያም ሆኖ ልውውጡ አልቆመም። ምክንያቱ ወዳጅነት አይደለም፤ ከሁለቱ መንኩራኩሮች አንዱ መብረር ቢያቆም ጣቢያው ላይ ቢያንስ አንድ አሜሪካዊና አንድ ሩሲያዊ እንዲኖር ነው፣ የየራሳቸውን ክፍል የሚያውቅ።

የቅርብ ዓመታቱ ሁኔታ በአንድ ስንጥቅ ይታያል። በዝቬዝዳ ጫፍ ካለው መተላለፊያ አየር ማምለጥ የጀመረው በ2019 ነው። መነሻውም ሆነ አደገኛነቱ ላይ የናሳና የሩሲያው የጠፈር ድርጅት የሮስኮስሞስ መሐንዲሶች ለዓመታት ሳይስማሙ ቆይተዋል። ለጊዜው የተገኘው መላ ሩሲያውያኑ መተላለፊያውን ሲከፍቱ በሁለቱ ወገን መሐል ያለው በር እንዲዘጋ፣ አሜሪካኖቹም በራሳቸው በኩል እንዲቆዩ ነበር።

ቀጣዮቹ ማኅበራት በዚህ መልክ አልተዋቀሩም። የአሜሪካ ኮንግረስ ከ2011 ጀምሮ ናሳ ያለ ልዩ ፈቃድ ከቻይና ጋር እንዳትሠራ ከልክሏል፤ ቻይና ከ2021 ጀምሮ ቲያንጎንግ የተባለውን የራሷን ጣቢያ ሠርታ ትኖርበታለች፣ ለጨረቃ ጣቢያም ከሩሲያ ጋር ተፈራርማለች። በ2020 በአሜሪካ መሪነት በስምንት አገሮች የተጀመረውን የአርጤምስ ስምምነት ብዙዎች ፈርመዋል፤ ሰነዱ ግን የሥነ ምግባር መርህ እንጂ ዕቃ በዕቃ የሚያስተሳስር ውል አይደለም። ለመፈረም ቀላል ነው፣ ለመተውም እንደዚያው። ከዚህ ለየት የሚለው አውሮፓ ብሬመን ላይ ሠርታ ለአሜሪካው ኦሪዮን መንኩራኩር የምትሰጠው የሞተርና የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ ያለ እሱ ኦሪዮን ወደ ጨረቃ አይሄድም። እዚያ ላይ የድሮው ጥበብ አልጠፋም።

የ1998ቱ ስምምነት መውጫ አንቀጽ አለው፤ መውጣት የሚፈልግ አገር ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል። በጁላይ 2022 የሮስኮስሞስ አዲሱ ኃላፊ ዩሪ ቦሪሶቭ ከ2024 በኋላ እንወጣለን ሲሉ ዓለም ደነገጠ፣ ደብዳቤው ግን አልመጣም። በዓመቱ ሞስኮ እስከ 2028 እንደምትቆይ አረጋገጠች፤ ሌሎቹ እስከ 2030 ብለዋል። ከዚያ በኋላ ጣቢያውን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ለማውረዱ ሥራ መጀመሪያ የታሰቡት የሩሲያ ፕሮግሬሶች ነበሩ። ናሳ ሐሳቧን ለውጣ በጁን 2024 ለስፔስኤክስ እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ሰጠች። በ2028ና በ2030 መካከል የሩሲያው ሞተር በማን እጅ እንደሚሆን ያኔ ገና አልተቋጨም ነበር።